ሠላሳ አራት ያለው ምድጃ

ሬሳው የቀለም መጋገሪያው ምድጃ ደፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ሟቹ የብረታ ብረት ወርክሾፑ ባለቤት ወንድም ነው፤ ምድጃውን የሚጠብቀውም እሱ ነበር። ጠዋት ገብቶ ትናንት ውስጥ የተሰቀሉትን የብረት በሮች ሊፈትሽ ሲከፍት፣ የወጣው ወላፈን ሳንባውን አቃጠለው። ምድጃው ግን ባዶውን ነበር የነደደው። መርማሪዋ በሮቹን ከምድጃው ጀርባ ተደግፈው አገኘቻቸው። የተነፋባቸውና በሙቀት የሚጣበቀው የዱቄት ቀለም ገና አልተጋገረም፤ መሀል መሀሉ ላይ የመዳፍ ምልክት አለ።

አጠገቡ ከቆሙት ሦስት ሰዎች፣ ከባለቤቱ፣ ከወርክሾፑ ፕሮግራመርና ከቀለም ቀቢው፣ አንድም እንባ ያወጣ የለም።

«ገዳዩ ይኸውልሽ» አለ ባለቤቱ፣ ፕሮግራመሩን በአገጩ እያሳየ። «ዲግሪ አለኝ ብሎ ሲንጠባረር የሠራው ሥራ ወንድሜን በላው።»

«እርስዎ ትንሽ ዝም ይበሉ። አንተ ተናገር።»

መታሰሩ ከወዲሁ የታየው ፕሮግራመር የምድጃውን መቆለፊያ ሳጥን አሳያት። «ባለፈው ሳምንት ያስገባነው መለኪያ ሙቀቱን በአሥራ ስድስት ቢት ነው የሚልከው። የምድጃውን በር እስኪበርድ የሚቆልፈው ይህ አሮጌ ሳጥን ግን ስምንት ቢት ብቻ ነው የሚይዘው። ከሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ካለፈ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ዛሬ ሁለት መቶ ዘጠና ሲላክለት ሠላሳ አራት አለ፤ በርዷል ብሎ በሩን ለቀቀው።»

«እያወቅክ ዝም አልክ?»

«ሳጥኑ ይቀየር ብያለሁ። ሁለት መቶ ላይ ነው የምንጋግረው፣ ምን አስጨነቀህ አሉኝ። ሟቹ አልነበረም፤ እንነግረዋለን አሉ። እሳቸውና ቀለም ቀቢው።»

«እኔን እዚህ ውስጥ አትክተተኝ፣ አንተ ለፍላፊ» አለ ቀለም ቀቢው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተሃል?»

«ማን ያልተጣላው አለ? ከወንድሙ ጋር እንኳ በአባታቸው ውርስ ሲናከሱ ነው የከረሙት።»

መርማሪዋ ሦስቱንም በሮቹ ፊት አቆመቻቸው።

«እሳቱን ሆን ብሎ ሁለት መቶ ዘጠና ያደረሰው ሰው ሳጥኑ እንደሚዋሽ ያውቃል። የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ግን መጀመሪያ በሮቹን አወጣ፤ በዚያ ሙቀት ቀለሙ ይከስላላ። ፕሮግራመሩ ለበር ምን ገዶት?»

«ቀለም ቀቢውስ? የገዛ ሥራው ነው» አለ ባለቤቱ።

መርማሪዋ ወደ ቀለም ቀቢው ዞረች። «ያልተጋገረ በር በምን ታነሳለህ?»

«በመንጠቆው ነዋ። ዱቄቱን የሚነካ ቂል ነው።»

«እነዚህን ያወጣቸው ሰው ግን በመዳፉ አቅፏቸዋል። ለበሮቹ ይሳሳል፣ አያያዛቸውን ግን አያውቅም።» ባለቤቱን አየችው፤ አንቱታዋን ትታለች። «ለብረት የራራህ ሰውዬ፣ በወንድምህ እንዴት ጨከንክ?»

ባለቤቱ እጆቹን ከኪሱ አላወጣም።

«ወንድሜ በአባት ብቻ ነው» አላት።