የሚርገበገበው ድምፅ

ሱኬርቲ አርታናን መጀመሪያ ያየችው የተበላሸ ማራገቢያ አቅፋ መጠገኛ ሱቁ ስትገባ ነው። በባሊ ደሴት ዴንፓሳር ከተማ ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ እሷ ደግሞ የሆቴል አንሶላ ስታጥብ ውላ እግሯ አልሸከም ብሏታል።

«ይሠራልኛል?» አለችው።

ሞተሩን አወጣና ከድምፅ ማጉያ ጋር በሽቦ አገናኘው። ማራገቢያው አጓራ!

«ንፋስ አይሰጥም፤ ግን ይዘፍናል!»

«እኔ ሞቆኝ እንጂ ዘፈን አምሮኝ መሰለህ የመጣሁት?» አለች። ሳታስበው ሳቀች።

ያ ሳቅ አስቀራት። አርታና ከሰርዲን ጣሳና ከአሮጌ ሬዲዮ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ነው። ለራሱም ለእሷም አንድ አንድ የጣሳ መሣሪያ ሠራ፤ የሷን ጣሳ ድምፅ ከሱ ጥቂት ዝቅ አደረገው። በባሊ የነሐስ መሣሪያ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚቃኘው እንዲሁ ነው። እኩል ስላልሆኑ አብረው ሲመቱ ድምፁ ይርገበገባል፣ ነፍስ ይዘራል። ሽማግሌዎቹ ጥንዶቹን «ባልና ሚስት» ይሏቸዋል። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፤ አንዳቸውም ግን አላነሱትም።

ለመንደሩ በዓል ሲለማመዱ አንድ ቀን እጇ ዛለ።

«አልደርስብህም፣ ብሊ» አለችው፤ ታላቅ ወንድምንም የሚወዱትን ሰውም የሚጠሩት እንዲህ ነው። «ደክሞኛል... አንተ ሁሌ ከላይ ነህ።»

አርታና ጣሳውን አገላብጦ አየ። ሰውዬው ለሽቦ እንጂ ለቃላት አልታደለም።

በማግስቱ ከሥራ መጥታ አብረው ጀመሩ። ድምፁ አልተርገበገበም! የሱን ጣሳ አየችው፤ ቅኝቱን ከሷ ጋር እኩል አድርጎታል። ልቧ ስንጥቅ አለ።

«ገባኝ» አለች። «ጥንድነቱ በቃህ። በአፍህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ጃንጥላዋን አነሳች።

«ኬርቲ፣ ቆይ!»

«ተወኝ፣ ደክሞኛል!»

«አልደርስብህም አልሽኝ እኮ! አንቺ እንዳትደክሚ... እኔ ወረድኩ!»

በሩ ላይ ቆመች። እንባዋም ሳቋም እኩል መጣ።

«አንተ ጅል! ማን ውረድ አለህ? እኔ እኮ አግዘኝ ነው ያልኩህ!»

«ምን ላግዝሽ?»

«ልምምዱን በዕረፍቴ ቀን አድርገው። እግሬን እሸው። ድምፅህን ግን መልሰው!»

ቅኝቱን ቀስ አድርጎ ከፍ አደረገው። ድምፁ ተርገበገበ። ያበጡ እግሮቿን ጭኑ ላይ ዘረጋች።

«ሽማግሌዎቹ እነዚህን ጣሳዎች ምን የሚሏቸው ይመስልሃል?»

አቀረቀረ። «...ባልና ሚስት።»

«ለጣሳ የደረሰ ለእኛ ምነው ዘገየ? ሽማግሌ ላካ!»

በበዓሉ ተጫወቱ፤ ግማሹ ሰው አጨበጨበ፣ ግማሹ ጆሮውን ያዘ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ከአርታና ጋር እነ ሱኬርቲ ቤት መጡ። እሷ ከሥራ ገብታ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷታል።

እናቷ ደንግጠው ሊቀሰቅሷት ሲሉ አርታና እጃቸውን ያዘ።

«ይተዉአት እናቴ፣ ትረፍ» አለ በሹክሹክታ። «መልሷን አውቀዋለሁ።»