የተገለበጠው ቅጠል

መምህር ወልደሰማያት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወለል ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ነበር። መሰላሉ ከጎናቸው ወድቋል። ጭንቅላታቸው ከሲሚንቶው መድረክ ጠርዝ ጋር በተጋጨበት በኩል ደም ረግቷል። ደሙ በወረደበት ግራ ጉንጫቸው ላይ፣ ከደሙ በላይ አረንጓዴ ቀለም ተለቅልቋል፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶችም ጫፋቸው አረንጓዴ ነው።

ኢንስፔክተር ዙቤይዳ እሑድ ጠዋት ከጅማ ሊሙ ገነት ስትደርስ አስከሬኑ እንዲነሣ አልተፈቀደም ነበር። ዙቤይዳ የጅማ መርካቶ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። ፖሊስ ከመሆኗ በፊት የሒሳብ መምህርት ልትሆን ሠልጥና ነበር።

«ሞታቸው ከመሰላሉ በመውደቅ ነው» አለ ጤና መኮንኑ ፈየራ ተንበርክኮ። «ግን ወዲያው አልሞቱም። ደሙ ቀስ እያለ ነው የፈሰሰው።»

«ቢደረስላቸውስ ኖሮ?»

ፈየራ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈነው።

ዙቤይዳ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ለሚሌኒየሙ በዓል እንግዶች ሊመጡ ስለነበር፣ መምህሩ አዳራሹን በቡና ቅጠል ሊያስጌጡት ተነሥተው ነበር። ከካርቶን ጫፉ ወደ ጎን የታጠፈ አንድ ቅጠል ፈልፍለው አወጡ፤ ካርቶኑን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ክፍተቱን ይቀባሉ፤ ከዚያ ሩብ ዙር አዙረው ሌላ ይቀባሉ። አራት ቅጠል አንድ አበባ ይሆናል። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎችን ማትሪክስና የቅርጽ ትራንስፎርሜሽን የሚያስተምሩትም እንዲህ ካርቶን እያዞሩ በማሳየት ነበር። የመጨረሻው አበባ አራተኛ ቅጠል ልክ ከወደቁበት በላይ ነው።

ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ቆንጂት ቢሯቸው ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ጠበቋት።

«ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ማን ማን ነበር?»

«እኔ፣ መምህር አብነትና ዘበኛችን ሙሐመድሳኒ። ሌላ ሰው አልነበረም።»

«ጠብ ነበር ይባላል።»

«መምህራን መቼም ይከራከራሉ። አብነት ወጥቶ ከሄደ በኋላ ግን መምህር ወልደሰማያትን በመስኮት አይቻቸዋለሁ፤ መሰላሉ ላይ ሆነው የመጨረሻውን ቅጠል ይቀቡ ነበር። ቆይቼ ስመለስ ወድቀው አገኘኋቸው። ቅጠሉ ያን ጊዜ ገና አልደረቀም ነበር።»

ዙቤይዳ ስለ ቅጠል አልጠየቀችም ነበር። አመስግና ወጣች።

አብነትን አዳራሹ ውስጥ አነጋገረችው። ቀጭን ወጣት ነው፤ የሟቹ ተማሪ ነበር፤ ኋላ በዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ መምህር ሆነ።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ባለፈው ሳምንት ክፍሌ ገብተው የጻፍሁትን ከሰሌዳው አጠፉብኝ። ተማሪዎቼ ፊት።»

«ምን ስተህ ነው?»

«ሁለት ማትሪክሶች ሲባዙ የትኛውም ቢቀድም ውጤቱ አንድ ነው ብዬ ጻፍሁ። እሱ ለተራ ቁጥር ነው፤ ማትሪክስ ላይ አይሠራም። አውቀው ነበር፤ እጄ ቀደመኝ። ‹ይኼ የኔ ተማሪ ነበር እንዳትሉ› አሏቸው ልጆቹን። ሳቁብኝ። ቅዳሜ እንዲህ አያድርጉብኝ ልላቸው ሄድሁ። ተነጋግረን ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በሕይወት ነበሩ፤ ሲቀቡ ታይተዋል።»

«አንተ አይተሃል?»

«ርዕሰ መምህሯ ናቸው የነገሩኝ።»

«እስቲ ይህን ሥዕል አስረዳኝ። ተማሪህ ነኝ እንበል።»

አብነት ወደ ግድግዳው ሲዞር ድምፁ ነፍስ ዘራ። «ሮቴሽን ነው። ቅጠሉ በመሃሉ ነጥብ ዙሪያ ሩብ ሩብ ዙር ይዞራል። የፈለገውን ያህል ቢዞር ጫፉ የሚታጠፈው ሁልጊዜ...» ጣቱ የመጨረሻው ቅጠል ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ሁልጊዜ?»

«በአንድ በኩል ነው» አለና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ዘበኛው ሙሐመድሳኒ በሩ አጠገብ ቁጭ ብለው ያበጠ ጉልበታቸውን ያሹ ነበር።

«ማሎ፣ እባክሽ ልጄ፣ የተማሩ ሰዎች ጠብ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ? መምህሩ ‹ሁለቱ እኩል አይደሉም! ማን እንደሚቀድም ለይ!› እያሉ ይጮኹ ነበር። የሹመት ነገር መስሎኝ፣ ከርዕሰ መምህሯ ጋር ነው የሚጣሉት አልሁ።»

«‹ለይ› ነው ያሉት? ‹ይለዩ› አላሉም?»

ሽማግሌው አሰቡ። «ወላሂ ‹ለይ› ነው።»

«ከዚያስ?»

«እዚያው ጩኸቱ ላይ ከባድ ነገር ወደቀ። ትንሽ ቆይቶ ርዕሰ መምህሯ ወደ አዳራሹ ሲገቡ አየሁ፤ ወጥተው የተመለሱ መሰለኝ።»

«እርስዎስ ገብተው አላዩም?»

ሙሐመድሳኒ ዓይናቸው መሬት ላይ ቀረ። «እሳቸው ካሉ እኔ ምን አገባኝ አልሁ። አልገባሁም፣ ልጄ።»

ከሰዓት በኋላ ዙቤይዳ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነሥቷል። ፈየራ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ካርቶኑ በእጇ ነበር።

«ይህን የቀኝ እግር ጫማ ነው በሉ» አለች። «ብታዞሩት፣ ብትዘቀዝቁት የግራ አይሆንም። የግራ የሚመስለው መስታወት ውስጥ ብቻ ነው። መምህር ወልደሰማያት የቀቧቸው ቅጠሎች ሁሉ ከአበባው መሃል ሲታዩ ወደ ቀኝ ታጥፈዋል። የመጨረሻው ብቻ ወደ ግራ ነው። ካርቶኑ ሳይዞር ተገልብጦ ነው የተቀባው፤ ይኸው፣ በሁለቱም ፊቱ ቀለም አለበት። እሳቸው ይህን አይሳሳቱም።»

ዙቤይዳ ወደ አብነት ዞረች።

«አብነትም አይሳሳትም። ቅድም ስህተቱን አይቶ ደነገጠ፤ ግን አልነገረኝም። መምህሩ እሱ ከወጣ በኋላም ሲቀቡ እንደነበር ስለሚያስመስል፣ የሚጠቅመው ስህተት ነበርና።

«እኔ መጀመሪያ አንድ ያልታወቀ ነበር የምፈልገው። ያልታወቁት ግን ሁለት ናቸው፤ መሰላሉን የነካው እጅና ቅጠሉን የቀባው እጅ። ሁለት ያልታወቁ ነገሮች በአንድ እኩልታ አይፈቱም። የርዕሰ መምህሯና የአብነት ቃል ሁለት ይመስላል፤ ነገር ግን አብነት የደገመው ከእሳቸው የሰማውን ነው። አንዱን እኩልታ በሁለት አባዝቶ ሌላ ነው እንደማለት ነው። ሁለተኛውን እኩልታ የሰጡኝ ጋሽ ሙሐመድሳኒ ናቸው። ‹ማን እንደሚቀድም ለይ› ለሹመት የተባለ አይደለም፤ ለማትሪክስ ነው። ‹ለይ› የተባለውም ወንድ ነው፣ ያውም ልጅ። ውድቀቱም የመጣው ያኔ፣ ጩኸቱ ሳይበርድ ነው። ስለዚህ እሳቸው ከዚያ በኋላ በመስኮት ሲቀቡ ሊታዩ አይችሉም። ጋሽ ሙሐመድሳኒ በዚያ ጉልበታቸው መሰላል አይወጡም። ስለ ቅጠሉ ሳይጠየቅ የነገረኝ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አብነት ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «ይውረዱ ብዬ ነው መሰላሉን የነቀነቅሁት። ወርደው እንደ ሰው ፊት ለፊት እንዲያናግሩኝ። ሲወድቁ ሮጥሁ።»

«አንተ ስትወጣ አይቼ ገባሁ» አሉ ወይዘሮ ቆንጂት ወደ እሱ ሳይዞሩ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «መምህር መምህሩን ገደለ ከሚባል፣ ሲሠሩ ወድቀው ሞቱ ይባል አልሁ። እሳቸው አልፈዋል፤ አንተንና የትምህርት ቤቱን ስም ለምን ልጣ? መሰላሉን አቁሜ ቀባሁ። ከዚያ መልሼ ጣልሁት።»

«ሲቀቡ እሳቸው የት ነበሩ?»

«ከሥሬ።»

«ነኳቸው? ትንፋሻቸውን አዳመጡ?»

«ሞተዋል ብዬ...»

«ቀለሙ ጉንጫቸው ላይ፣ ከደሙ በላይ ነጠበ» አለች ዙቤይዳ ቀስ ብላ። «የሞተ ሰው ጉንጩን አይጠርግም። እሳቸው በጣታቸው ጠርገውታል።»

ወይዘሮ ቆንጂት ወደ ፈየራ ዞሩ። «ያኔ ብጮህስ?»

ፈየራ ጠዋት የሟቹን ፊት የሸፈነባቸውን እጆቹን አያቸው። «ጤና ጣቢያው ቅርብ ነበር» አለ።

ሙሐመድሳኒ «ያ አላህ!» ብለው ግድግዳውን ተደገፉ። ማንም አልወቀሳቸውም፤ ግን ከዚያ ወዲያ የማንንም ዓይን ማየት አልቻሉም።

ዙቤይዳም ካርቶኑን መድረኩ ላይ አስቀመጠች። ጠዋት ነገሩ ተፈትቶ ልክ ሲመጣላት፣ ድሮ ፈተና ላይ እንደሚሰማት ያለ ደስታ ተሰምቷት ነበር። አሁን ያ ደስታ አሳፈራት።

«ጥፋትዎ ቅደም ተከተሉ ነው፣ ወይዘሮ ቆንጂት» አለች። «መጀመሪያ ሰውየው ነበር። የትምህርት ቤቱ ስም ከዚያ በኋላ ይደርስ ነበር።»

ከግቢው ሲወጡ ለልቅሶ የመጡ ተማሪዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመው ነበር። የቡና ማጠቢያው ሽታ ከወንዙ በኩል ይመጣል። አብነት ጃኬቱን ራሱ ላይ ጣለ። አንድ ፖሊስ ለወይዘሮ ቆንጂት አዝኖ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ ሊያደርግላቸው እጁን ዘረጋ።

«ተወው፣ ልጄ» አሉት።

ነጠላውን ከራሳቸው ላይ አወረዱና በልጆቹ መካከል ፊታቸውን ገልጠው አለፉ።