ላብ የማይጠጣው ልብስ

ሮቢት ገበያ ውስጥ ስሜ ሲነሳ «ያቺ ሰውየውን ላስቲክ አልብሳ ልትገድለው የነበረች» ይባላል። ይባል! ግን ከሚያወራው ሰው ሁሉ አንድ እንኳ መጥቶ «አስካለ፣ ነገሩ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ስለዚህ ራሴ እናገራለሁ።

እኔ ልባሽ ጨርቅ ነው የምሸጠው። ቦንዳ እፈታለሁ፣ የቆሸሸውን አጥባለሁ፣ ገመድ ላይ አሰጣለሁ። አንድ ጊዜ ከቦንዳው ውስጥ ቀጫጭን፣ ለእጅ የሚያንሸራትቱ፣ ገላ ላይ ልጥፍ የሚሉ ካናቴራዎች ወጡ። የጥጥ ልብሱ ገመዱ ላይ ገና ውሃ ሲያንጠባጥብ እነሱ ደርቀው ንፋስ ያወዛውዛቸዋል። የሚገዛቸው ግን ጠፋ። «ይሄማ በዚህ ሙቀት ሰው ይቀቅላል» እያሉ መልሰው ይወረውሩልኛል።

ልዑል የመጣው ሹራብ ፍለጋ ነው። ረዘም ያለ፣ ጸጉሩ በጎን በጎኑ የሸበተ፣ መዳፉ ላይ ቀይ ቀለም የደረቀበት ሰው።

«እትዬ፣ ወፍራም ሹራብ አለሽ?»

«እትዬ? ሽበትህን አይተኸዋል?»

ሳቀ። «ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«አስካለ በለኝ። ደግሞ በዚህ ሐሩር ሹራብ ለማን ነው?»

ለራሱ ነው። ሥራው የስልክ ማማ ላይ ወጥቶ መቀባትና ብሎን ማጥበቅ ነው። ማማዎቹ ያሉት ከቆላው በላይ፣ ደጋው አፋፍ ላይ ነው። ዕቃውን ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ በላብ ይጠመቃል። ከዚያ ብረቱን ይወጣል። ጫፉ ላይ ደርሶ ቀበቶውን አስሮ ሲቆም ንፋሱ ያገኘዋል።

«ባለፈው ክረምት ሳንባ ምች ይዞኝ ከሞት ነው የተረፍኩት» አለኝ። «ሐኪሙ ‹ከደገመህ እንጃ› ብሎኛል። ብርዱ አይቻልም።»

«አንተን የሚገድልህ ብርዱ ሳይሆን ላብህ ነው።»

«ላብ ደግሞ ማንን ገድሎ ያውቃል?»

ከጆግ ውሃ ቀዳሁና በአንድ የጥጥ ካናቴራ ላይ ረጨሁ፤ በቀጭኑም ላይ ረጨሁ። ጥጡ ጠጥቶ ጠቆረ፣ ከበደ። ቀጭኑ ላይ የወደቀው ውሃ ተንሰራፋና ቆመን ስንከራከር ደረቀ።

«አየህ? ጥጥ ላብህን ይጠጣና ይዞት ገላህ ላይ ይቀመጣል። ንፋሱ ሲመጣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለህ እንደቆምክ ቁጠረው። ይሄኛው አይጠጣም። ከገላህ ይቀበልና ወደ ውጭ ይበትነዋል፣ ንፋስ ይወስደዋል። ከላዩ ሹራቡን ስትደርብበት ያኔ ይሞቅሃል።»

«ነጋዴ አይደለሽ፣ ምን የማትይው አለ!» አለኝ። ዓይኑ ግን እጄ ላይ እንጂ ጨርቁ ላይ አልነበረም። ይህን አይቻለሁ፤ ያላየሁ መስዬ ሹራቡን ጠቀለልኩ። ካናቴራውን መረቅኩለት።

ሲመለስ ከሩቅ ያወቅኩት በሳሉ ነው። በገንኩ።

«አልለበስከውም!»

«ለብሼዋለሁ እንጂ። ይኸው።»

ሸሚዙን ከፈተ። ከላይ ሹራቡ፣ ከሹራቡ ሥር የኔ ካናቴራ፣ ከካናቴራው ሥር ደግሞ ገላው ላይ የተለጠፈ ወፍራም የጥጥ እጀ ጠባብ።

«ይሄ ከሥር ያለው ምንድን ነው?»

«የእናቴ ፈትል ነው።»

ነገሩን ነገረኝ። እናቱ እትዬ ሸዋዬ ያላቸው ልጅ እሱ ብቻ ነው። ሕፃን ሆኖ በጠና ታሞ ሲተርፍ፣ ገላውን የሚነካው የእጃቸው ፈትል ብቻ እንዲሆን ለእመቤታችን ተስለዋል። በየዓመቱ ለግንቦት ልደታ ራሳቸው ፈትለው ለሸማኔ ይሰጣሉ። የሌላ ሰው ጨርቅ ከላይ ይደረባል እንጂ ከሥር አይገባም። የጎልማሳ ሰው ገላ እስከዛሬ በእናቱ እጅ ነው!

«ታዲያ ላብህ በየት በኩል አድርጎ ወደኔ ጨርቅ ይምጣ? ጥጡ መንገድ ላይ ጠብቆ ጠጥቶ ጨረሰው እኮ!»

«ገብቶኛል።»

«ከገባህ አውልቀዋ!»

«እናቴ ናት፣ አስካለ።»

እሱ ግን መምጣቱን አልተወም። የሚገዛው ሲያጣ ሸራዬን ይወጥርልኛል፣ ቦንዳ ያወርድልኛል። ከዚያ አጠገቤ ይቀመጥና ዝም ይላል። ባሌ ከሞተ ጀምሮ አጠገቤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚመጣው ሊከራከረኝ ነው። የሱን ዝምታ ለመድኩት። የቀረ ቀን ገበያው ሞልቶ ባዶ ይሆንብኛል።

አንድ ቀን ጫማውን እያየ «ወንድምሽ ጋ ሽማግሌ ልልክ ነው» አለ።

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን አፌ ነው።

«በዚያ ጥጥ ማማ የምትወጣ ከሆነ አትላክ። አንድ ባል ቀብሬአለሁ። እያየሁህ ሁለተኛ አልቀብርም።»

ይህን ሄዶ ለእናቱ ነገራቸው። በማግስቱ እትዬ ሸዋዬ ከዘራቸውን ይዘው ሱቄ ደጃፍ ቆሙ። ገበያው ፀጥ አለ፤ ሮቢት ለሰው ገመና ጆሮዋ ቀጥ ያለ ነው።

«አንቺ ነሽ የፈረንጅ ሬሳ ልብስ ለልጄ የምታለብሺ?»

«እትዬ ሸዋዬ፣ አጥቤ ነው የሰጠሁት። ገብተው ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም! ይሄን ላስቲክ ካመጣሽበት ወዲህ ነው ሳሉ የተነሳበት!»

«የተነሳበት የርስዎን እርጥብ ጥጥ ለብሶ ንፋስ ላይ ስለሚቆም ነው!»

ሴቶቹ «ኧረ በስመአብ!» አሉ። በትልቅ ሰው ላይ ጮኬአለሁ፤ አዎ፣ ጮኬአለሁ። ሰውየው ከሚሞት እኔ ባለጌ ብባል ይሻለኛል።

እትዬ ሸዋዬ አንድ እርምጃ ወደኔ ቀረቡ። «ስለቴ ነው ያኖረው።»

«ያኑረው። ስለትዎን አልነካሁም። ላቡን ነው ያልኩት።»

ከዚያ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «እንግዲያው የኔን ያውልቅና በኔ ዓይን ፊት ያንቺን ለብሶ ይውጣ። ከታመመ ግን ዓይኑን አታዪውም።»

«ካልታመመስ?»

«ያኔ እንተያያለን» አሉና ሄዱ።

ማማ የሚወጣበት ቀን ደርሶ ሦስታችንም አፋፉ ላይ ነበርን። እኔና እሳቸው መኪና እስከሚችለው ድረስ በመኪና ሄድንና ቀሪውን ቀስ እያልን ወጣን። ልዑል ዕቃውን ተሸክሞ ከታች ጀምሮ በእግሩ ነው የመጣው፤ ፊቱ ላቡን ያዘንበዋል። ማማው ሥር በባዶ ገላው በለበሰው ካናቴራ ላይ ሹራቡን ደረበ፣ ቀበቶውን አሰረ። ዞር ብሎ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ወጣ።

ጉም መጣና ዋጠው። ንፋሱ ብረቱን ያስጮኸዋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ብሳሳትስ? ገመዴ ላይ ያየሁት ሌላ፣ የሰው ሳንባ ሌላ ቢሆንስ? እትዬ ሸዋዬ «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ይላሉ፤ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። በንፋሱ በኩል ዞሬ ቆምኩላቸው። «ወግጂ» አሉኝ። አልወገድኩም። ቆይተው ትከሻዬን ተደገፉ። ሁለታችንም ቀና ብለን ጉሙን እያየን ቆየን፤ የሁለታችንም ሰው እዚያ ውስጥ ነው።

ሲወርድ ጣቶቹ ደንዝዘው ቀበቶውን መፍታት አልቻሉም፤ እኔ ፈታሁለት። እትዬ ሸዋዬ እጃቸውን በሹራቡ ሥር ሰደው ጀርባውን ዳሰሱ። ብብቱን ዳሰሱ። መልሰው ጀርባውን ዳሰሱ። ፊታቸውን አየሁት፤ እንደዚያ ቀን ማንንም አይቼ አላውቅም።

«ይሞቃል» አሉ። «ልጄ ይሞቃል።»

ከዚያ ተቆጡት። «ምን ቆመህ ታየኛለህ? ሽማግሌ የምትልከው እኔ ከሞትኩ በኋላ ነው?»

ክረምቱ አለፈ፣ ሳሉ ተወው፣ ተጋባን። ይህን ግን ማን ያወራል? የድሮውን ወሬ እንጂ! እትዬ ሸዋዬማ ጭራሽ ለጎረቤቱ ሁሉ «ያንን ልብስ ከገላው ያስነካሁት እኔ ነኝ» ይላሉ። እኔ እዚያው ተቀምጬ! ፊቴ ላይ!

ቤት ስንገባ ጨስኩ።

«ተያት» አለኝ ልዑል። «እኔ አውቃለሁ አይደል?»

«አንተ ብቻህን ማወቅህ ምን ያደርግልኛል? ገበያው ሁሉ ይወቅ!»

እንደ ልማዱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ለዛሬ ብቻ ነው፤ ነገ ገበያ አለ።