ዲስክ አልተገኘም

ነርሷ ከሥራ ተመልሳ የግቢውን በር ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው አንድ እግር ነጠላ ጫማ ነው። ከግቢው ወደ ፎቅ በሚወጣው የብረት ደረጃ መሃል ላይ ተገልብጦ ቀርቷል። የጫማው ባለቤት ከደረጃው ሥር በግንባራቸው ተደፍተዋል፤ ዝናቡ ጀርባቸው ላይ ይወርዳል። የሰፈሩ ልጆች «ጋሼ ወፍ» የሚሏቸው፣ ለእሷም የጓሮውን ክፍል ያከራዩዋት ጡረተኛ ነበሩ። ነርስ ናትና ከመጮኋ በፊት የአንገታቸውን የደም ሥር ዳሰሰች። ከዚያ ጮኸች።

ዝናብ፣ እርጥብ ብረት፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው። ጎረቤቱ ሁሉ «አንሸራትቷቸው ነው» አለ፤ ፖሊስም ይህንኑ ጽፎ ሊሄድ ነበር። ሐኪሙ ግን በሁለቱም ክንዶቻቸው ላይ የጣት ሰምበር አገኘ። ሰው ጨምድዶ ይዟቸው ነበር ማለት ነው። ፖሊስ ወዲያው ላይ ያለውን የሥራ ክፍላቸውን አሸገ፤ የሟችን ልጅ እጮኛም ይዞ ሄደ። እጮኛዋ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ከአማቹ ጋር በዋዜማው ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል፤ በሟች ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ የተገኘው ፍላሽም የእሱ ነው።

መርማሪዋ በማግሥቱ ተጠራች። አጠር ያለች፣ ንግግሯ ዝግ ያለ ሴት ናት። ሰው የተናገረውን ቃል በቃል ደግማ ለራሱ ታሰማዋለች፤ የራሱን ቃል ከሌላ አፍ ሲሰማ የማይደነግጥ ሰው ጥቂት ነው። ረዳቷ ግን መልሱን ከጥያቄው በፊት የሚያገኝ ዓይነት ሰው ነው፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ከብዷል። የታሸገው ክፍል ሲከፈት በቀን መብራት ማብራት አስፈለገ። መስኮቱ ላይ ትንሽ ካሜራ ተገጥሟል፤ ፊቱን ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ወዳለ የወፍ ጎጆ አዙሯል። ከጎጆው በታች የደረጃው ጫፍ ይታያል።

«ነገሩ ያለቀ ነው አለቃ» አለ ረዳቷ። «ካሜራው ደረጃውንም ያያል። የሚቀዳው ደግሞ እዚህ ላፕቶፕ ላይ ነው። ልጁ ሽማግሌውን ከገፋ በኋላ የተቀዳውን ለማጥፋት መጣ። ይመልከቱ።»

ማሽኑን አበራው። ማሽኑም ከፍላሹ ላይ ሊኑክስ የተባለ አዲስ ሲስተም ሊጭን ተነሳ፤ ረዳቷም ሳያመነታ «ቀጥል» የሚለውን ደጋግሞ ነካ። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍ መጣ፦ ዲስክ አልተገኘም።

«ዲስክ ቢገኝስ ኖሮ?» አለች መርማሪዋ። «ሊኑክስ ጭነህ በውስጡ ያለውን ሁሉ ልትደመስሰው ነበር?»

የረዳቷ ጆሮ ቀላ። «ግን የለማ! አውጥቶ ሸሽጎታል። ይህን ከጠጋኝ በቀር ማን ይችላል?»

መርማሪዋ ላፕቶፑን አጥፍታ በጥንቃቄ ገለበጠችው። የግርጌው ብሎኖች በአቧራ ተደፍነዋል፤ ካቻቢቴ የነካው አንድም የለም። ብሎኖቹን ሳትነካ መልሳ አስቀመጠችው።

«ዲስኩን የሰረቀው ሰው አቧራውን መልሶ ነስንሶበት ነው የሄደው?» አለች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ነርሷን ነው።

«ትናንት ጠዋት ደህና ነበሩ» አለች ነርሷ። «ሥራ ቦታ እንደደረስኩ የጫጩቶቹን ፎቶ ላኩልኝ። ‹ዛሬ አዲስ የለም፣ ያለፈውን እይ› ይላል መልእክቱ።»

«ከስልካቸው ነው የላኩልሽ?»

«እሳቸው እቴ! ስልካቸው ተራ ነው። ሁሉን ነገር የሚልኩት ከኮምፒውተሩ ነው።»

«ካሜራው የቀዳውን ዛሬ እናያለን።»

ነርሷ ክው አለች። «እኔንም ያየኛል እንዴ? የውስጥ ልብሴን የማሰጣው እዚያ ነው እኮ!»

የሟች ታናሽ ወንድም ምድር ቤት ነው የሚኖሩት። ሳሎናቸው ጥንቅቅ ያለ ነው፤ መጋረጃው ግን አልተከፈተም። ሻይ እየጠጡ ተቀበሏት።

«ዝናብ ሲዘንብ እንቅልፍ ይጥለኛል» አሉ። «የነርሷ ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ።»

«የነርሷ ጩኸት ነው የቀሰቀሰዎት።»

«አዎ ልጄ።»

«ካሜራው የቀዳውን ዛሬ እናያለን።»

«እናንተ ሥራችሁን ሥሩ» አሉ፣ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ መልሰው። አንዲት ጠብታ እንኳ አልፈሰሰችም። «ለእኔ እንደሆነ ወንድሜን አይመልስልኝም።»

የሟች ልጅ ላይኛው ቤት ከአባቷ ወንበር አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ያን ቀን ደንበኛ ቤት ስትለካ ነበር። ዓይኗ አብጧል።

«ዛሬ ከሰዓት ክሱ ይጻፍበታል አሉኝ» አለች። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«አባቴን ገና አልቀበርኩም። አሁን ደግሞ እሱን ልትወስዱብኝ ነው? ሠርጋችን እኮ ደርሷል። እሱ ዝንብ አይገድልም!» መርማሪዋ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እሱና አባትሽ ለምን ተጨቃጨቁ?»

«አላውቅም። ስለዚያ ኮምፒውተር ነው። የሟች እናቴ ፎቶዎች በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ፤ እሱ ሊገለብጥልኝ ነበር። አሁን እነሱም የሉም።»

«የሉም ያለሽ ማነው?»

«አጎቴ ናቸው። ትናንት እሱን ሲወስዱት አቅፈው ሲያጽናኑኝ፣ ‹የእናትሽንም ፎቶ ከአሁን በኋላ ከዚያ ማሽን አትጠብቂ፣ እጅሽ ላይ ያለውን ያዢ› አሉኝ። ሆዴ ባባ። በዚያ ሰዓት እንኳ ለእኔ ያስባሉ።»

መርማሪዋ ይህን አልደገመችላትም። ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች። ይህችን ልጅ ከአንዱ ሐዘን አውጥታ ወደ ሌላው እንደምትመራት አሁን አውቃለች።

ከዚያ ጠጋኙን አስጠራችው። እጁ በካቴና ታስሮ የሥራ ክፍሉ በር ላይ ቆመ። ረዳቷ ማሽኑን እንደገና አብርቶ ጽሑፉን አሳየው። ልጁ በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሃል ፈገግ አለ።

«ለዚህ ነው ዲስኩን ሰረቅህ የምትሉኝ? ዲስኩ እኮ እዚያው አለ። ፍላሹን ንቀሉና እንደገና አብሩት።»

ረዳቷ ነቀለና አበራው። የድሮው ሲስተም በጋሼ ወፍ ጫጩቶች ፎቶ አጊጦ ተነሳ፤ የይለፍ ቃል ጠየቀ።

«ታዲያ ያኛው ለምን የለም አለ?» አለች መርማሪዋ።

«ይህ ላፕቶፕ ዲስኩን የሚያገናኝበት መንገድ ለየት ያለ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዲህ ተደርጎ ነው። የድሮው ሲስተም መንገዱን ያውቀዋል፣ የሊኑክሱ መጫኛ ግን አያውቀውም። ስለዚህ ዲስኩ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የለም ይላል። ማሽኑ ሲነሳ ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ አንድ ምርጫ መቀየር ነው። ስንቱ ደንበኛ ‹ዲስኬ ሞተ› ብሎ አልቅሶብኛል መሰለዎት!»

«ምርጫው አሁን ተቀይሯል?»

«አልተቀየረም። ቢቀየርማ ሊኑክሱ ያገኘው ነበር፤ የድሮውም እንዲህ እሺ ብሎ አይነሳም። እኔ የጋሼን ፋይሎች የምገለብጥበት ሌላ ዲስክ ላመጣ ነበር ትቼው የሄድኩት። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ከተሰካ በቀጥታ ከእሱ እንዲነሳ ማሽኑን አዘጋጅቼው ነበር።»

«ለዚህ ቤት ሰዎች ሊኑክስ ጭነህ ታውቃለህ?»

«ለነርሷ ጭኛለሁ፤ ሱቅ አምጥታ ጥላልኝ ሄዳ፣ ሲያልቅ ወሰደች። ለጋሼ ታናሽ ወንድምም ጭኛለሁ፤ ምድር ቤት ሳሎናቸው ውስጥ። አጠገቤ ቁጭ ብለው ‹አሁን ምን ነካህ? ይህስ ምንድነው?› እያሉ ሲያደርቁኝ ዋሉ። የሳቸው ማሽን አሮጌ ስለሆነ ዲስኩን ወዲያው ነው ያገኘው።»

ስለ ጭቅጭቁም ጠየቀችው። መለሰላት፤ ከመለሰው ውስጥ አንዱን ነገር ለማንም እንዳይደግም በጣቷ አፏን ነክታ አስጠነቀቀችው። እኛም ለጊዜው እንድትይዘው እንተውላት።

ከሰዓት ሁሉም ምድር ቤት ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። ነጎድጓዱ መስኮቱን ያርገበግበዋል። ልጅቷ ከእጮኛዋ ጎን ተቀምጣ የታሰረ እጁን ይዛለች። ነርሷ በሩ አጠገብ ቆማለች። ታናሽ ወንድም በራሳቸው ወንበር ተደላድለዋል። ረዳቷ ክሱ የሚጻፍበትን ወረቀት ይዞ፣ የማንን ስም እንደሚጽፍበት ገና አያውቅም።

«ጋሼ ወፍን ሰው ክንዳቸውን ይዞ ገፍቷቸዋል» ብላ መርማሪዋ ጀመረች። «ያ ሰው ቀና ሲል ካሜራውን አየ። የተቀዳው መጥፋት ነበረበት። ላፕቶፑን ይዞ እንዳይሄድ፣ ላፕቶፕ ከጠፋ ነገሩ መውደቅ መሆኑ ይቀርና ወንጀል ይሆናል። እንዳይከፍተው የይለፍ ቃል አለው። ጠረጴዛው ላይ ግን ፍላሽ አለ። ሊኑክስ ሲጫን የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ ያውቃልና ሰካው። ማሽኑም ‹ዲስክ አልተገኘም› አለው።»

«ዲስኩ ስለሌለ ነዋ» አሉ ታናሽ ወንድም ረጋ ብለው።

«ዲስኩ አለ። የልጅቱ እናት ፎቶዎችም አሉ።»

ልጅቷ ቀና አለች። አጎቷ ግን መርማሪዋን ትተው ወደ ጣሪያው፣ ወደ ፎቁ አቅጣጫ ተመለከቱ።

«አሁን ማን ሊሆን ይችላል?» መርማሪዋ ድምፅዋን አልለወጠችም። «ጠጋኙ ቢሆን አንድ ምርጫ ቀይሮ ሁሉንም ይደመስሰው ነበር። አልተቀየረም። ስለ ነገሩ ምንም የማያውቅ ሰው ቢሆን ደግሞ ፍላሹ ለምን እንደሚሆን አያውቅም፤ አይነካውም። ልጅቷ ደንበኛ ቤት ነበረች፤ ነርሷም ሲጫን አይታ አታውቅም። የቀረን ግማሹን የሚያውቅ ሰው ነው። አንድ ጊዜ አጠገቡ ተቀምጦ ያየ፣ ያን ቀን ሁሉም ነገር ያለችግር ስለሄደ ማሽን የለም ካለ የለም ብሎ የሚያምን ሰው። እዚህ ሳሎን፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያየ።»

ነርሷ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይህ ወሬ ነው» አሉ ሰውየው።

«ካሜራውን ስጠራ ነርሷ ደነገጠች። እርስዎ ሻይዎን ጠጡ። ለምን? ዲስኩ ሞቷል ብለው በዓይንዎ ስላረጋገጡ ነው። ትናንት ለወንድምዎ ልጅ ‹የእናትሽንም ፎቶ ከዚያ ማሽን አትጠብቂ› አሏት። ማሽኑ ጠዋት ይሠራ ነበር፤ ጋሼ ወፍ ፎቶ ልከውበታል። ነርሷ ከጮኸች ጀምሮ ከፖሊስ በቀር ወደ ክፍሉ የወጣ የለም፤ ፖሊስም ሳያበራው አሸገው። እኛ ራሳችን ያበራነው ዛሬ ነው። በመሃል ዲስክ የለም የሚለውን ጽሑፍ ያነበበ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

«ላጽናናት ብዬ ነው እንጂ…» አሉና ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። የራሳቸው ጆሮ ሰምቶታል።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሰውየው ጉልበታቸውን አሹ።

«ካሜራው ምን ያሳያል?» አሉ በመጨረሻ።

«ምንም። ጠጋኙ በዋዜማው ገመዱን ነቅሎት ነበር፤ ሲስተሙ እስኪቀየር ማሽኑ ላይ አዲስ ነገር እንዳይቀዳ። ጭቅጭቃቸውም ለዚህ ነው፤ ወንድምዎ ጫጩቶቹ ሳይቀዱ ሊበርሩ ነው ብለው ተቆጡ። እርስዎ ከደረጃው ወርደው በቀጥታ ክፍልዎ ገብተው ቢሆን፣ ሰምበሩ ብቻውን የማንንም ስም አይናገርም ነበር።»

«ተወልጄ ያደግሁበት ቤት ነው» አሉ። «‹ቤቱ ለልጄና ለባሏ ነው፣ አንተ ሌላ ቦታ ፈልግ› አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ! ክንዱን ያዝኩት። እንዲሰማኝ ብዬ ነው የያዝኩት። ከዚያ… ገፋሁት።»

መርማሪዋ ለረዳቷ ምልክት ሰጠችው። የጠጋኙ ካቴና ተፈታ። ልጁ የተላጠ እጁን እያየ ማመን አቃተው፤ እጮኛው ግን ከጎኑ ተነስታ አጎቷ ፊት ቆማለች። ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ያለችውን ሰው አንተ አለችው።

«እዚያ ማሽን ፊት ቁጭ ስትል አባቴ ሞቶ ነበር?»

መርማሪዋ እንኳ ይህን ጥያቄ አላዘጋጀችውም።

«አልሞተም ነበር» አለ ሰውየው። «በቤት ስሜ ይጠራኝ ነበር።»

ልጅቷ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። እጮኛዋ ደግፎ ወደ ውጭ አወጣት።