የጋሼ ታኮ የት ገባ?

ሟቹ ከአሮጌው አውቶቡስና ከጋራዡ ግድግዳ መካከል ተጣብቀው ሲገኙ፣ የኋላ መብራቱን ይወለውሉበት የነበረው ጨርቅ ከእጃቸው አልወጣም ነበር። ከተማው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። በጠመዝማዛው የገደል መንገድ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ነድተው የገቡት እሳቸው ናቸው። አዲሱ አስፋልት ከተከፈተ ወዲህ ያ መንገድ ሣር በቅሎበታል፤ ፍሬኑ የሞተው አውቶቡስም ከሰዓት በኋላ ለሚከፈተው የከተማዋ የመንገድ ታሪክ ዐውደ ርእይ ይጸዳ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሱ በእሱ ቤት ሥራውን ጨርሷል። ጎሚስታውን በካቴና አስሮ ጎማ ላይ አስቀምጦታል።

«ጎማው ሥር ታኮ ሳያደርግ ትቶት ሄደ፤ አውቶቡሱ ወደ ኋላ ተንከባለለ። በዚያ ላይ የድሮ እስረኛ ነው» አላት። «የጋሼ ረዳት ሳለ፣ ሳይፈቀድለት ሌላ አውቶቡስ ነድቶ ገደሉ ላይ ስንቱን ጨርሷል።»

ጎሚስታው ቀና አለ። «ታኮውን ማታ በዚህ እጄ ወሽቄዋለሁ። ጠዋት ስመጣ ጋሼ ሞተዋል፣ ታኮውም የለም። እህቴ፣ ሁለተኛ እስር ቤት ከገባሁ በእግሬ አልወጣም።»

መርማሪዋን ሰዎች «መርፌ» የሚሏት በከንቱ አይደለም። ተንበረከከችና ወለሉን አየች። አውቶቡሱ ቆሞበት ባደረው ቦታ ሲንጠባጠብ ያደረ ዘይት ሲሚንቶውን አጥቁሮታል፤ ከመሀሉ ግን የጡብ ያህል ቦታ ንጹሕ ነው።

«ጋሼ እንዴት እንደሞቱ ለማን ነገርክ?» ስትል ፖሊሱን ጠየቀችው።

«ለማንም። ‹ወድቀው ሞቱ› ብቻ ነው ያልኩት። ይኼ ሰውዬ መታሰሩንም ያየ የለም። የግቢውን በር ቆልፌ ነው የጠበቅኩሽ።»

ግቢው ውስጥ የነበሩት ሌሎች ሰዎች ሁለት ብቻ ናቸው። ትኬት ቆራጯ ከፍርግርጉ መስኮት ኋላ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ጠዋት እዚህ ማን ማን ነበር?»

«ሥራ አስኪያጁ፣ የጋሼ ታናሽ ወንድም። ደግሞ ያ ሰውዬ።»

«አባትሽን ነው?»

«ጎሚስታው በይው። እኔን ያሳደጉኝ ጋሼ ናቸው።» ዐይኗን ጠረገች። «ትናንት ‹ነገ በሕዝብ ፊት የዚያን ገደል እውነት እናገራለሁ፤ አንቺ ከፊት ተቀመጪ› ብለውኝ ነበር።»

«ለመሆኑ የጋሼ ታኮ የት ገባ?»

የጋሼ አንድ እግር አጠር ስለሚል ግራ ጫማቸው ከፍ ያለ ታኮ ነበረው። ልጅቷ ደነገጠች። «ተነቅሎ ነው እንዴ የወደቁት? ስንቴ አስቀይሩት ብያቸዋለሁ!»

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ኮቱን ቆልፎ ተቀምጧል፤ መስኮቱም ዝግ ነው፣ ላቡ ይወርዳል።

«ከዚያ የገደል አደጋ ወዲህ መኪና አጠገብ ደርሼ አላውቅም» አለ። «ዛሬም ከዚህ ወንበር አልተነሣሁም።»

«ነፍስ ይማር። የጋሼ ታኮስ የት ገባ?»

«እሱን ጎሚስታውን ጠይቂው እንጂ! የመኪና ነገር የሱ ሥራ ነው።»

መርፌ አመሰገነችው። ለፖሊሱ ሹክ ብላ ወደ ውጭ ላከችው፤ ሌሎቹን ጠባቧ የትኬት ክፍል ውስጥ ሰብስባ በሩን ቆለፈች። አባትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ ተጨናንቀው እንኳ አይተያዩም።

«ዘይቱ ታኮው ሌሊቱን እዚያው እንዳደረ ይመሰክራል» አለች። «ስለዚህ ጠዋት አንድ ሰው ነቅሎታል፤ ደብቆታልም። ጎሚስታው ቢሆን ኖሮ ለምን ይደብቃል? ታኮው ቢገኝ የሚያድነው እሱኑ ነበር። የደበቀው፣ ጎሚስታው ረስቶት ነው እንዲባል የፈለገ ሰው ነው። ሆን ብዬ ‹የጋሼ ታኮ› ብቻ እያልኩ ሁለት ሰው ጠየቅሁ። ጋሼ ወድቀው ሞቱ የተባለች ልጅ ታኮ ስላት ጫማቸውን አሰበች፤ ማንም ያስባል። እርስዎ ግን መኪና አሉኝ። መኪና ማን አነሣ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሥራ አስኪያጁ ብድግ አለ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ፤ መርፌ ስትከፍት ፖሊሱ በዘይት የራሰ እንጨት ይዞ ገባ። «ከቢሮው መደርደሪያ ጀርባ ነው ያገኘሁት።»

መርፌ ወደ ጎሚስታው ዞረች። «ያኔ ገደሉ ላይ መሪውን የያዘው ማን ነበር?»

ጎሚስታው አንገቱን ደፋ። «ለጋሼ ቃል ገብቻለሁ። እናቷ ሞታብኝ ልጄ ገና ድክ ድክ ትል ነበር፤ ‹የወንድሜን ጥፋት ተሸከምልኝ፣ ልጅህን እኔ አሳድጋለሁ› አሉኝ። አሳደጓትም።»

ሥራ አስኪያጁ ፖሊሱ ወደቆመበት በር አየና ትከሻው ወደቀ። «ዕድሜ ልኬን እዚያ ገደል ጫፍ ላይ እንደተንጠለጠልኩ ነው የኖርኩት» አለ። «አትናገር ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹ሳልናገር አልሞትም› አለኝ።»

ፖሊሱ አፍሮ የካቴናውን ቁልፍ አወጣ። ልጅቷ ከእጁ ነጠቀችው። ቁልፉ ግን አልገባም አለ፤ አንዴ ሳተች፣ ደግማ ሳተች።

«አባዬ፣ እጅህን አታንቀጥቅጠው እንጂ!»

«የኔ አይደለም ልጄ» አላት፤ «ያንቺ ነው።»