ጉንፋናሙ ጥሩምባ

«ጉንፋኑ» የሚሉት የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው፤ የመኪናው ጥሩምባ ሁለት ጊዜ አጠር አድርጎ ይጮህና ሦስተኛው ላይ ድምፁ ይሻክራል። «ኧረ ሐኪም ቤት ውሰደው» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ግን አላሠራውም። ልጁ ትንሽ ሳለች ያን ድምፅ ከሩቅ ትለየውና ሮጣ በር ትከፍትለት ነበር።

አሁን በር የሚከፍትለት የለም። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመት አለፋት። የተቀበረች ዕለት እሱ ጭነት ይዞ ሩቅ ነበር፤ መንገድ ተዘግቶበት ሲደርስ ቀባሪው ተበትኗል። «መንገድ ተዘጋብኝ» ቢል ልጁ አላመነችውም። «አንተ መቼም ለጭነትህ እንጂ ለእኛ ደርሰህ አታውቅም» ብላው ወደምትሠራበት ከተማ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጠችም። እሱም ቤት ሲገባ መጀመሪያ ራዲዮ ይከፍታል፤ ዜናው ገዶት ሳይሆን የሰው ድምፅ እንዲሰማ ብሎ ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን ደወለች። «ፈቃድ ሲሰጡኝ መጥቼ አይሃለሁ። አንድ ቀን ብቻ ነው የማገኘው» አለችው። መጋረጃውን አጠበ፤ ሁለተኛውን ወንበርም ከጓዳ አወጣ።

በዚህ መሀል ናፍጣ እንደገና ጨመረ። የሾፌሮቹ ማኅበር ሊቀመንበር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ፈጣኑን መንገድ ከዳር እስከ ዳር እንዘጋለን» አለ። ጉንፋኑም ተስማማ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከናፍጣው ይልቅ ያ ባዶ ቤት ነው ያስወጣው፤ ቢያንስ አንድ ቀን ከሰው ጋር ይውላል።

በተባለው ቀን ጠዋት፣ ሦስት ከባድ መኪኖች ጎን ለጎን ቆሙ። የቀኙን መስመር የያዘው እሱ ነበር። እስከ እኩለ ቀን ከኋላቸው የተከማቸው መኪና ጫፉ አይታይም። ቲማቲም የጫነ አንድ ሾፌር በእግሩ መጥቶ መስኮቱን አንኳኳ።

«ወንድሜ፣ ጭነቴ መንጠባጠብ ጀምሯል። አንዷን መስመር እንኳ ብትለቁልን?»

«ሁሉም ካልቆመ ማን ይሰማናል? እኛም ተቃጥለን ነው።»

«እኔስ በውሃ ነው የምነዳው? ያንኑ ናፍጣ አይደል የምቀዳው?»

ጉንፋኑ መስኮቱን ዘጋበት።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ልጁ ናት።

«አባዬ፣ ዛሬ ድንገት ፈቃድ ሰጡኝና ሳልነግርህ ከተፍ ልልብህ ብዬ ነበር። ግን መንገድ ተዘግቶ አውቶቡስ ውስጥ አራት ሰዓት ሙሉ ተቀምጫለሁ። ማታ ደግሞ ሥራ እገባለሁ።»

ክው አለ።

«ስማኝ አባዬ፤ ያኔ መንገድ ተዘጋብኝ ስትለኝ ውሸትህን መስሎኝ ነበር። ዛሬ በራሴ ደረሰ። ይቅር በለኝ።»

ሦስት ዓመት ሲጠብቀው የኖረ ቃል ነው። ልክ በዚያች ደቂቃ ሊቀመንበሩ እጁን አነሣ፤ የጥሩምባ መንፊያ ምልክታቸው ነው። ከጠዋት ጀምሮ የለመደ እጁ ሳያስበው ተጫነው። ሁለት አጭር፣ አንድ ሻካራ። ያው ድምፅ በስልኩ ውስጥም ከአውቶቡሱ በኩል ከሩቅ ተሰማ።

ልጅቷ ድምፁን ለየችው። «የዘጋኸው አንተ ነህ?» አለችው።

«የኔ ልጅ...»

ስልኩ ተዘጋ።

ጉንፋኑ ሞተሩን አስነሣ። ሊቀመንበሩ እየሮጠ መጣ። «ምን ነካህ? ልትከዳን ነው?»

«አልከዳሁም። ናፍጣው እኔንም አቃጥሎኛል። ግን ዋጋ የጨመሩብን ሰዎች እዚህ ሰልፍ ውስጥ የሉም። የቆሙት እንደኛው የተቃጠሉት ናቸው» አለና መኪናውን ወደ ዳር አወጣ።

መስመሩ ተከፈተ። ባለ ቲማቲሙ እጁን አንሥቶለት አለፈ። አውቶቡሱ ሲመጣ ልጁን በመስኮት አያት፤ እሷም አየችውና ፊቷን አዞረች። ሊከተላት ሞከረ፤ ሰልፉ ውስጥ ግን የሚያስገባው አላገኘም። አንዱ ሾፌር «አንተም ጠብቅ እንጂ» አለው፤ ጉንፋኑም አልፈረደበትም።

ቤቱ ሲደርስ በሩ እጀታ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል። ውስጡ ሹራብ አለ፤ ከብጣሽ ወረቀት ጋር፦ «ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩህ። መመለሻዬ ደረሰ።» ያን ዕለት ራዲዮውን አልከፈተም። ከባዶው ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጦ መሸበት።

በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ተናገረ። «ብሶታችን እውነት ነው፤ እንጩህ። ግን አንድ መስመር ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ጥሩምባ የሚነፋ ሰው ከኋላው ማን እንደቆመ ዞር ብሎ ይይ። እኔ ያላየኋት የገዛ ልጄን ነው።» የሳቀ አልነበረም።

ልጁ ስልክ ያነሣችለት በሦስተኛው ቀን ነው።

«ልጄ፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ» አላት፤ ሌላ ምክንያት አልጨመረም።

«አውቃለሁ» አለች። ቀጥላም «ሹራቡ ልክህ ሆነ?» አለችው።

«አልለበስኩትም፤ መጥተሽ አንቺ እይልኝ።»

እሺም እንቢም አላለችም። ስልኩን ግን አልዘጋችም።