የመጨረሻው ስንኝ ሟች

ከሩቅ የመጣች አንዲት ሴት በክዳን ሳህን የያዘችውን ምግብ ካቀበለችው በኋላ፣ የሟች ዘመድ መስሏት የቬርሎንን እጅ ይዛ «ነፍስ ይማር፣ ጥሩ ሰው ነበሩ አሉ» አለችው። ቬርሎን ታኬት ስለ ራሱ ሞት ሲጽናና ይህ ሰባተኛው ነው። አመስግኖ ሸኛትና ክዳኑን ገለጥ አድርጎ አየ። ዶሮ በፓስታ ነበር።

«ለሟች ደህና ይመጣለታል» አላት ልጁን ዊላን።

ዊላ ሳቀች፤ ግን ብዙም አልዘለቀችበትም። ጣጣው የታላቅ እህቷ የሎሬል ነው። ሎሬል ከኬንተኪ ተራሮች ጊታሯን ተሸክማ ወደ ዘፋኞቹ ከተማ ናሽቪል ወረደች፣ በሃያ ሁለት ዓመቷም የመጀመሪያ አልበሟን አወጣች። አልበሙ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከካንትሪ ሙዚቃዎች አንደኛ ወጣ። አገር ምድሩን ያስለቀሰው ዘፈን ስለ አባቷ ነው፤ የከሰል ማዕድን እየቆፈረ ሁለት ሴት ልጆች ስላሳደገ ሰው። እስከ ሁለተኛው ስንኝ ድረስ ሁሉም እውነት ነው። በመጨረሻው ስንኝ ላይ ግን የማዕድኑ ጉድጓድ ተንዶበት ይሞታል። እንዲህ ዓይነት ዘፈን ሰው ሳይቀብር አያልቅም፤ ቬርሎንም ይህን ስለሚያውቅ ቅር አላለውም፣ ወይም ቅር ያላለው መሰለ። «ከቀበረችኝ አይቀር በደህና ዜማ ነው» እያለ ከጎረቤት ጋር ሲስቅ ከረመ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሎሬል በዊላ ትምህርት ቤት አዳራሽ ልትዘፍን መጣች። ዝግጅቱ በሬዲዮ በቀጥታ ይተላለፋል። ሰፈርተኛው እውነቱን ያውቃል፤ ከታዳሚው ግማሹ ግን ከሩቅ በአውቶቡስ የመጣ ነው። ቬርሎን ልጁ መድረክ ላይ ስትዘፍን አይቶ አያውቅም። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን በውሃ አበጥሮ ዊላን በፒክአፑ አደረሳት። ከአዳራሹ ደጅ ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋና ከመሪው ሳይነሳ ቀረ።

«አንቺ ግቢ። እኔ እዚሁ በሬዲዮ እሰማታለሁ» አላት። «ሰው ሊያለቅስ ትኬት ቆርጦ መጥቶ ሟቹን ፈንዲሻ ሲበላ ቢያየው ደስ አይለውም።»

እንደ ቀልድ ነው ያለው። ዊላ ግን ሳትስቅ ወርዳ ብቻዋን ገባች።

ከመድረኩ ጀርባ ሎሬል እቅፍ አድርጋ ሳመቻት። አስተዋዋቂው ወደ መድረክ እንደሚጠራት ነገረቻትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ስለ አባዬ ከጠየቀሽ አቀርቅረሽ ዝም በይ። ዋሺ አላልኩሽም።»

«እሱ እኮ ውጭ መኪና ውስጥ ነው ያለው።»

«አውቃለሁ፣ ዊላዬ። አልበሙን ያሳተሙት ሰዎች ስንኙ ይለወጥ ሲሉኝ እሺ አልኩ። አሁን አልሞተም ብል አጭበርባሪ ነው የሚሉኝ። ስንት ዓመት የለፋሁበት በአንድ ቀን ገደል ይገባል።»

እንዲህ ፈርታ አይታት ስለማታውቅ ዊላ አዘነችላት። እሺም እንቢም ሳትላት ወጥታ ቦታዋ ተቀመጠች።

ዘፈኑ ሲያልቅ አዳራሹ በሙሉ አፍንጫውን ይጠርግ ነበር። አስተዋዋቂው ዊላን ጠርቶ ማይክሮፎኑን አስጠጋላት።

«እስኪ ንገሪን፣ አባትሽ ዛሬ እዚህ ቢኖር ምን ትይው ነበር?»

ዊላ እህቷን አየቻት። ሎሬል ወለሉን እያየች ከንፈሯን ነክሳለች። አሁን ከዊላ የሚጠበቀው ማቀርቀር ብቻ ነው፤ ሁሉም ሐዘን ነው ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ ግን ይህ ማይክሮፎን የት የት እንደሚሰማ ትዝ አላት።

«አባዬ» አለች። «ሬዲዮኑን አጥፋና ግባ። ወንበር ይዤልሃለሁ።»

አስተዋዋቂው አንዴ ዊላን፣ አንዴ ሎሬልን ያያል። ሎሬል ጊታሯን ከትከሻዋ አውርዳ መጣችና ከእህቷ ጎን ቆማ ወደ ማይክሮፎኑ አጎነበሰች።

«ሰምተሃታል፣ አባዬ» አለች። «እስክትገባ አልዘፍንም።»